«ሰው የላትም» ያላልንበት አቤቱታ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሽ ዘውዴ፣
አሰላ።

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ለንደን፣ ፊንስበሪ ፓርክ፣ በርበሬና የስልክ መሸፈኛ ጎን ለጎን በሚሸጥበት ሱቅ ተሰልፌ ሳለሁ፣ ከፊቴ የቆመች ሴትዮ ለጓደኛዋ «ፈረንጅ ያልተጻፈ ነገር አያምንም፤ ከተጻፈለት ደግሞ ያልሽውን ሁሉ ያምንሻል» ስትላት ሰማሁ። ጓደኛዋ ሳቀች። ባለሱቁም ሳቀ። እኔ ግን ነገሩን እንዳለ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ተቀበልኩት፤ ይህንኑ የሚያረጋግጥ የመንግሥት ደብዳቤ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበረ። ሰላምታ ሳላስቀድም በሰው ወሬ ስለጀመርኩ ይቅር ይበሉኝ። በራሴ ወሬ ልጀምር ብል እጄ እምቢ አለኝ።

ለመሆኑ እንዴት ሰነበቱ ጋሼ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? የጭላሎ ብርድ ሲወርድ የሚነሳብዎት ቁርጥማት ዘንድሮስ ማረዎት? ጆሮዎስ? ማህሌት ለአባቷ ብላ የገዛችውን የጆሮ መስሚያ ያደርጉታል ወይስ አሁንም ከነካርቶኑ ቁም ሳጥኑ ላይ ነው? እትዬ ዓይናዲስስ ግፊታቸውን ይለካሉ? ባለፈው «ካልተለካሁ አልታመምም» ብለው ነርሷን መለሷት ሲባል ሰምቼ፣ በቤታችን ውስጥ ፈላስፋዋ ባለቤትዎ ብቻ መሆናቸውን አረጋገጥኩ። ማህሌት ራሷ እንዴት ናት? ልጇ ፀሎትስ ጥርስ አበቀለች? ገብሱ ገባ ወይስ ያለ ወቅቱ ዝናብ ቀደመው?

እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህችን ዐረፍተ ነገር ግን ለሐኪምም ሆነ ለመንግሥት ሰው እንዳያሳዩብኝ፤ ምክንያቱን ከታች ያገኙታል።

የሚከተለውን በስልክ ያልነገርኩዎት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በስልክ ከምነግርዎት ግማሹን ይሰማሉ፣ ግማሹን ራስዎ ይሞሉታል፤ የሚሞሉት ደግሞ ሁልጊዜ እኔ ካልኩት የተሻለ ነው። ሁለተኛ፣ ሠላሳ አራት ዓመት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆኖ የኖረ ሰው ክፉ ወሬ ሲደርሰው ቢያንስ ቁጥር ሰጥቶ ፋይል የሚያደርገው ወረቀት ሊኖረው ይገባል ብዬ ነው።

እንግዲህ ሳላድበሰብስ ልንገርዎት። የእህታችን የአልታየሽ ልጅ የሕዝቅያስ የውትድርና ምድብ ይቀየርልን ብለን ያስገባነው አቤቱታ ውድቅ ሆኗል። ልጁ የገና በዓል ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ታኅሣሥ 27፣ ኖርዌይ ከሩሲያ ጋር በምትዋሰንበት በሰሜኑ ጫፍ ወዳለው ድንበር ጠባቂ ጦር ይሄዳል። ከአልታየሽ ቤት እስከዚያ ድረስ አውሮፕላን ተሳፍሮ፣ ወርዶ፣ እንደገና በአውቶቡስ ነው። በዚያ ሰሞን ፀሐይ ጭራሽ አትወጣም። አልታየሽ ይህን ስትሰማ «ከእኔ ብቻ ሳይሆን ከፀሐይም ነጠቁት በለኛ» አለችኝ። ሥራዬ የሰው ቃል ማስተርጎም ነው እንጂ የራሴን ማግኘት አይደለም።

ስለ ጉዳዩ አብዛኛውን ያውቃሉ፤ ግን ለፋይሉ ሙሉነት ልድገመው። አልታየሽ በምትኖርበት በኖርዌይ ወንድም ሴትም ለአቅመ ውትድርና ሲደርስ ይመረመራል፤ ከተመረጠ አንድ ዓመት የማገልገል ግዴታ አለበት። ያንን አልተቃወምንም። አልታየሽም «ያሳደገውን አገር ያገልግል፣ ምን አለበት» ብላለች። የለመንነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሷ ከምትኖርበት ከድራመን ከተማ በባቡር ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ባለ ጦር ሰፈር እንዲመደብና፣ ማታ ማታ እየተፈቀደለት ቤቱ እንዲያድር።

አልታየሽ ኩላሊቷ ሥራ ካቆመ ሁለት ዓመት አለፈው። ሆዷ ላይ የተተከለ ቀጭን ቱቦ አለ፤ በየምሽቱ ከአንድ ማሽን ጋር ይገናኝና ከሰውነቷ ቆሻሻውን ሲያጥብላት ያድራል። የሚያገናኝላት ሕዝቅያስ ነው። አባቱ ሌላ ከተማ ሌላ ቤት ከመሠረተ ቆይቷል፣ ስለዚህ ሆስፒታሉ ያሠለጠነው ልጁን ነው። አምና እነሱ ጋ ሰንብቼ አይቼዋለሁ። መስኮቱን ይዘጋል፣ አፍና አፍንጫውን ይሸፍናል፣ እጁን እስከ ክርኑ እንደ ቀዶ ሐኪም ይታጠባል፣ ቱቦውን ያገናኛል፣ ከዚያ ክብደቷን ደብተር ላይ ይጽፋል። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ጓደኞቹ ናቸው። አያነሳም፤ የታጠበ እጅ ስልክ አይነካም። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ምሽት አላጎደለም። በዓል የለ፣ ልደት የለ፣ ኳስ የለ።

ጋሼ፣ አልታየሽ የምትፈራው ብርዱን አይደለም። ድንበር የሚለውን ቃል ነው። በሰባ ዘጠኝ ወይ በሰማንያ፣ ወንድማችን ሳህሉ በብሔራዊ ውትድርና ሲወሰድ እሷ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። «ድንበር ነው የተመደበው፣ ድንበር ጠብቆ ይመለሳል» አልናት። እኔም አብሬ ብያለሁ። እስከ ዛሬ ከድንበር ሲመለስ ያየችው ሰው የለም።

ያኔም አቤቱታ ጽፈን ነበር። የጻፉት እርስዎ ነዎት፣ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሕፈትዎ። እናታችን ከሳህሉ በቀር ጧሪ ቀባሪ ስለሌላት ልጇ እዚሁ አሰላ ዙሪያ ይመደብላት የሚል ነበር። የቀበሌው ሊቀ መንበር በስብሰባ ላይ ጮክ ብሎ አነበበውና «ሦስት ወንድ ወልዳ ሰው የለኝም የምትል እናት እዩልኝ!» አለ። ሰው ሳቀ። እማዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። ሳህሉ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እስክትሞት ድረስ በቀበሌው ደጅ አላለፈችም፤ ገበያ ስትወርድ በወፍጮ ቤቱ በኩል ዞራ ነበር የምትሄደው።

ስለዚህ ነሐሴ ላይ ደውዬ ለሕዝቅያስ ምን ብዬ ልጻፍ ስልዎት፣ «እህታችን ሰው የላትም የምትል አንዲት መስመር እንዳትገባ! እንደ እማዬ መሳቂያ አናደርጋትም። ሰው እንዳላት ጻፍ፣ የተከበረች መሆኗን ጻፍ፣ እድሩ ይፈርምላት፣ ክብ ማኅተም ይኑረው» ሲሉኝ ቃሉ ከየት እንደመጣ ገባኝ። ስለገባኝም ዝም አልኩ። ጥፋቴ ይህ ዝምታ ነው።

እኔ እኮ ጋሼ የምኖረው በዚሁ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት፣ ከሆሎዌይ እስከ ኬኒንግተን፣ የኛ ሰው ፈረንጅ ፊት ሲቀርብ ምን እንደሚል ሳስተረጉም ኖሬያለሁ። ባለፈው መጋቢት እጃቸው የማይታዘዝላቸው አንዲት የሰባ ዓመት እናት ለአካል ጉዳት ድጎማ አፕላይ አድርገው ለጥያቄ ቀረቡ። ጠያቂዋ «ልብስ ሲለብሱ ማን ይረዳዎታል?» አለች። እሳቸው ቀና ብለው «ኧረ ምን ጎድሎብኝ! ልጆቼ አሉ፣ ጎረቤት አለ፣ ከሁሉም በላይ ጌታ አለ» አሉ። ልጆቻቸው ካናዳ ናቸው። ጎረቤታቸው ስማቸውን አያውቅም። እኔ የተባለውን እንጂ የማውቀውን መተርጎም አልተፈቀደልኝም። ሴትዮዋ ሦስት ዓይነት ረዳት እንዳላቸው ተመዘገበ፤ የሦስተኛው አድራሻ አልተገለጸም። ድጎማው ቀረ። ኮሪደሩ ላይ «እማማ፣ ምነው እውነቱን ቢነግሯቸው?» ብላቸው፣ «ሰው የለኝም ብዬ ለባዕድ ላመልክት? ምን በወጣኝ!» ብለው ተቆጡኝ። ይህን ወሬ ለወዳጆቼ እያወራሁ ክረምቱን ሙሉ ሳቅሁ። ከሳቁ በኋላ መስከረም ላይ ቲኬት ቆርጬ ድራመን ሄድኩና ያንኑ ሠራሁ።

እድሩ የሚሰበሰበው በአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ፣ ከቅርጫት ኳሱ መረብ ሥር ነው። ሰብሳቢው አቶ ሳዶቅ የሚባል አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ደግ ሰው፣ ድምፁ ግን ሁልጊዜ የኋላ ወንበር ድረስ እንዲሰማ ሆኖ ነው የሚወጣው። እኔ ያረቀቅሁት አንድ ገጽ ነበር። አልታየሽ የተከበረች አባላችን ናት፣ ልጇ ያስታምማታል፣ ቢቀርብላት ደስ ይለናል የሚል። አቶ ሳዶቅ አነበበና «ምነው ይሄ ባዶ ነገር? እኛስ? አብሯት አንድ ሰው የለም እንዲሉ ነው?» አለ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ጨረታ ሆነ። አንዷ «ጨው የሌለው ወጥ እየሠራሁ እንደምወስድላት ይጻፍልኝ» አለች። ሌላዋ «አንቺ ደግሞ መቼ ወሰድሽና! እኔ ነኝ የወሰድኩት፣ በፋሲካ» አለች። «በፋሲካማ የወሰድሽው የተረፈሽን ነው» ተባለች። አንድ ጎልማሳ ተነስቶ የቤቷ ቁልፍ እሱ ጋ እንደሚቀመጥ አስመዘገበ፤ የታለ ሲሉት «ይፈለጋል» አለ። በመጨረሻ አቶ ሳዶቅ ጠረጴዛውን መታ አድርጎ «ሌሊትም ቀንም በፈረቃ ከጎኗ ነን፣ አንዲት ሰዓት ብቻዋን አናስቀራትም ብለህ ጻፍ» አለኝ። አዳራሹ አጨበጨበ።

መቀለዴ አይደለም ጋሼ፣ በዚያች ሰዓት ሁሉም ከልባቸው ነበር። እኔም ልቤ ተነካ። አልታየሽ ጥግ ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር፣ በደስታ። አርባ አንድ ሰው ፈረመ። ማኅተሙን አንዱ ቢደበዝዝ ብለን ሁለት ቦታ መታነው። አመልካቹ ሕዝቅያስ ስለሆነ እሱም መፈረም ነበረበት፤ ሳያነበው ፈረመና «አመሰግናለሁ አጎቴ» ብሎኝ ሊሮጥ ወጣ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሩጫ ይወዳል።

መልሱ ጥቅምት ማለቂያ ላይ መጣ። በነሱ ቋንቋ ስለተጻፈ ሕዝቅያስ ዋናውን ገጽ በእንግሊዝኛ ገልብጦ፣ ምንም ሳይጨምርበት፣ ከወረቀቶቹ ጋር ላከልኝ። እኔ ደግሞ ለእርስዎ ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይላል፦ «ከቀረበው የአርባ አንድ ሰዎች ምስክርነት እንደተረዳነው፣ የአመልካቹ እናት ሌሊትም ሆነ ቀን የማይለያቸው ሰፊ የረዳት ክበብ አላቸው። ይህም የሚያስደስት ነው። ስለሆነም አመልካቹን በቤቱ አካባቢ ለመመደብ የሚያበቃ ምክንያት አላገኘንም።» አመኑን ጋሼ። በሃያ ሁለት ዓመት የሥራ ዘመኔ አንድ መሥሪያ ቤት የጻፍኩትን ከላይ እስከ ታች አንብቦ፣ አንዲት ቃል ሳይጠራጠር ሲያምን ይህ የመጀመሪያው ነው። ማኅተሙንም ጠቅሰውታል።

በዚያው ሳምንት አንድ መስመር ብቻ ያለው አዲስ ወረቀት አዘጋጀሁ፤ ከልጇ በቀር ማሽኑን የሚያገናኝላት ሰው የለም የሚል። አቶ ሳዶቅ እንዲፈርምልኝ ደወልኩ። «እና አርባ አንዳችን ውሸታሞች ነን ብለን እንፈርም?» አለኝ። በዚህ ዓመት ቤቷ ስንት ሰው ገባ ብዬ ጠየቅሁት። «አንተ ነገ ለንደንህ ትገባለህ፤ በየሳምንቱ ዓይኗን የምናየው እኛ ነን» ብሎ ዘጋው። አልፈረድኩበትም። ብቻዬን ፈርሜ ላክሁት። ውሳኔው የመጨረሻ መሆኑን ገልጸው፣ አዲሱ ጽሑፍ ከቀድሞው ጋር እንደማይጣጣም፣ ሁለቱንም ያረቀቀው ደግሞ አንድ ሰው መሆኑን በትሕትና አስታወሱኝ።

ለአልታየሽ የነገርኳት እኔ ነኝ። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ሳህሉን ወሰዱት» አለችኝ። «የኔን ልጅ ግን ማንም አልወሰደውም። አሳምራችሁ ጽፋችሁ፣ ማኅተም መታችሁ የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ።» ይህን ዐረፍተ ነገር ለማረም ብዙ ሞክሬአለሁ። የሚታረም ነገር የለውም።

ማዘጋጃ ቤቱ በየምሽቱ ነርስ እንደሚልክላት አሳውቋል። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። ባለፈው ሳምንት አንዷ መጥታ ሕዝቅያስ አሠራሩን ሊያሳያት ሲል፣ አልታየሽ ጋቢዋን እስከ አገጯ ስባ ሆዴን አላሳይም አለች። «የማላውቀው እጅ አይነካኝም። ልጄ በወጣ ዕለት ማሽኑን ከግድግዳው እነቅለዋለሁ» አለች። ሕዝቅያስ ይህን የነገረኝ በሹክሹክታ፣ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ነው። ያለ ማሽኑ ስንት ቀን እንደምትቆይ ሐኪሟን ጠይቄያለሁ። የነገረኝን ቁጥር እዚህ አልጽፈውም፤ ለፋይል አይሆንም። ማስፈራራት ነው ብዬ ልጽናና ሞክሬ ነበር። ግን እርስዎም ያውቋታል፤ አልታየሽ በሕይወቷ አስፈራርታ አታውቅም። ያለችውን ታደርጋለች።

እኔ ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ አልያዘኝም። አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ አንብቤ መልሼ እከድነዋለሁ። ሥራ ላይም አስተርጉሜ ስወጣ የተባለው ነገር አንድም አይታወሰኝም፤ አለቃዬ ግን ለምስጢር ጠባቂነት ጥሩ ነው ትላለች። በባቡር ስሄድ የአርባ አንዱን ሰው ስም በቅደም ተከተል እየጠራሁ እገኛለሁ። የሚያስፈልገው አንድ ስም ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ አመልካች ብለን ጽፈነዋል።

ጋሼ፣ ልከስዎት አይደለም የጻፍኩት። ያዘዙት እርስዎ ነዎት፤ ስህተት መሆኑን እያወቅሁ የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። የጆሮ መስሚያውን ከካርቶኑ ያውጡና ለአልታየሽ ይደውሉላት። እኔ ስነግራት የሌላ ሰው ቃል ያስተረጎምኩላት ነው የሚመስላት፤ የእርስዎን ቃል ግን ትሰማለች። ስለ ክብር አይንገሯት፣ ስለ ትዕግሥትም አይንገሯት። ማሽኑን እንዳትነቅል ይለምኗት። እርስዎ ሰው ለምነው ስለማያውቁ ትደነግጣለች፤ ድንጋጤዋ ልጁ ዓመቱን ጨርሶ እስኪመለስ ያቆይልን ይሆናል። ከታኅሣሥ 27 በፊት ይሁን፣ እባክዎ።

እትዬ ዓይናዲስን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ ይበሉልኝ፤ ግፊታቸውንም ለእኔ ሲሉ ይለኩት። ማህሌትን ናፍቄአታለሁ፤ የጠየቀችኝን የልጅ ካፖርት በሰው እልካለሁ። ፀሎትን ሁለቱንም ጉንጮቿን ይሳሙልኝ፤ ከነከሰችም ይነግሩኛል። ጓሮ የሚኖሩትን ተከራዮችንም፣ ወፍጮ ቤት ያሉትንም፣ ሳህሉን የሚያስታውስ ሰው ካለ እሱንም ሰላም ይበሉልኝ።

ደብዳቤውን ላሽግ ስል የውሳኔውን ቅጂ አብሬ ላድርግልዎት ብዬ ወረቀቶቹን አወጣሁ። ሕዝቅያስ ያልገለበጠልኝ አንድ ገጽ ከኋላ ነበረበት፤ ዛሬ ጠዋት በስልኬ አስተረጎምኩት። አምና ለምርመራ በቀረበ ጊዜ፣ የት ማገልገል እንደሚፈልግ ተጠይቆ በራሱ እጅ የሞላው ቅጽ ነው። አንደኛ ምርጫ በሚለው ላይ የሰሜን ድንበር ጠባቂ ጦር ብሏል። ሁለተኛ ምርጫ በሚለውም ላይ ያንኑ ደግሞ ጽፎታል።

ወንድምዎ መርዕድ
ፊንስበሪ ፓርክ፣ ለንደን
ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.